የሰው አገር ቋንቋ፤ የፔድሮ ፓኤዝ ሕይወት

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በደምበጫና በቡሬ አልፎ ወደ ሰከላ የወጣ መንገደኛ ግሽ ዓባይን ያገኛል። ቦታው የታላቁ ወንዛችን መነሻ ነው፤ ሕዝቡም ለጠበል ከሩቅም ከቅርብም ይሰበሰብበታል። በዚህች ምንጭ አጠገብ አፕሪል 21 ቀን 1618 ከዐፄ ሱስንዮስ ሠራዊት ጋር የመጣ አንድ እስፓኛዊ ቄስ ቆሞ ነበር። ጥልቀቱን በጦር ለካ፤ ዓባይ ጣናን አቋርጦ ጎጃምን እንዴት እንደሚዞርም ጻፈ። ስሙ ፔድሮ ፓኤዝ ይባላል። (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እንጽፋለን፤ ሰውየው ራሱ የቈጠረው እንደዚያ ነውና።)

ስለዚህ ሰው ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ምንጩን ማየቱ ነው። እኛን ግን የሚያስደንቀን ሌላ ነገር ነው። ፓኤዝ ግሽ የደረሰው የአገሩን ቋንቋ ተናግሮ፣ የአገሩን መጽሐፍ አንብቦ ነበር። እኛ ተማሪዎች በውጭ ቋንቋ ስንት ዓመት እንደምንማርና ከዚያም በኋላ አንድ ገጽ ለመጻፍ እንዴት እንደምናምጥ ስለምናውቅ፣ የዚህ ሰው ትምህርት በምን መንገድ እንደ ሄደ መመርመሩ ይጠቅመናል ብለን እናምናለን።

ፓኤዝ በ1564 በእስፓኛ ኦልሜዳ በምትባል መንደር ተወለደ። ጀስዊቶች የሚባሉት የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር አባል ሆኖ በ1588 ወደ ሕንድ አገር፣ ወደ ጎዋ ደረሰ። ከዚያ ወደ ኢትዮጵያ ሲላክ በዐረብ ጠረፍ ተማረከና ሰባት ዓመት ያህል በየመን ታሰረ፤ ከመርከብ ላይ በሰንሰለት ታስሮም መቅዘፊያ ገፋ። ሌላው ሰው ቢሆን ቀኑን እየቈጠረ ባለቀሰ ነበር። እሱ ግን ከአሳሪዎቹ ዐረብኛ ተማረ። ተዋጅቶ ወደ ጎዋ ከተመለሰ በኋላ ጉዞውን እንደ ገና ጀመረ። ምጽዋ ያን ጊዜ በቱርኮች እጅ ስለ ነበረች፣ በ1603 የአርመን ልብስ ለብሶ፣ ስሙንም አብዱላህ አሰኝቶ ገባ። በእስር ቤት የተማረው ቋንቋ በሩን ከፈተለት ማለት ነው።

መጀመሪያ የተቀመጠው በትግራይ፣ ከዐድዋ አጠገብ ባለችው በፍሬሞና ነበር። በዚያም ሳለ አማርኛንና ግዕዝን ተማረ። ብዙም ሳይቈይ የሃይማኖት ማስተማሪያ መጽሐፍ ወደ አማርኛ ከሚያውቅ ሰው ጋር ሆኖ መለሰ፤ ሕፃናትም በቃላቸው አጠኑት። በ1604 ዐፄ ዘድንግል አስጠርተው ሲያነጋግሩት የንጉሡን ጆሮ አገኘ።

በዚያው ዘመን፣ ከዚያው ማኅበር የሆነ ማቴዮ ሪቺ የሚባል ኢጣሊያዊ በቻይና ይኖር ነበር። ሪቺ በ1582 ማካው ደርሶ ቻይንኛ መማር ጀመረ። እንደ አገሩ ሊቃውንት ለበሰ፤ በ1595 ስለ ወዳጅነት በቻይንኛ መጽሐፍ ጻፈ፤ በ1601 ፔኪን ገባ፤ በ1610 በዚያው ሞተ። ሁለቱ ሰዎች የሠሩት ሥራ በብዙ ይመሳሰላል። የሰው አገር ቋንቋ ከደጅ ቆመው አይማሩትም፤ ገብተው፣ ያገሩን እንጀራ በልተው፣ ከሰዉ ጋር አብረው እየሠሩ ነው እንጂ።

ፓኤዝም በእውነት ሠራተኛ ነበር። ዐፄ ሱስንዮስ ጎርጎራ ላይ መሬት በሰጡት ጊዜ ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ሲያሠራ፣ መዶሻና መሮ እንዴት እንደሚበጅ ለሠራተኞቹ ራሱ ያሳይ ነበር። ከድንጋይ ጠራቢና ከዐናጢ ጋር የዋለ ሰው ቃል እንደማያጥረው እንገምታለን።

በመጨረሻ ዘመኑ ትልቁን ሥራውን ሠራ። ሉዊስ ዴ ኡሬታ የሚባል መነኩሴ ኢትዮጵያን ሳያይ በ1610 በእስፓኛ አገር ስለ ኢትዮጵያ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። በአምባ ላይ አለ ስለሚባል ስፍር ቍጥር የሌለው የመጽሐፍ ክምችትና ስለ ሌላም ተረት በሰፊው አወራ። ፓኤዝ ይህን እንዲያፈርስ ታዘዘ። እሱም ያየውን ጻፈ፤ ያላየውን ደግሞ ከክብረ ነገሥት፣ ከገድለ ተክለ ሃይማኖትና ከነገሥታቱ ዜና መዋዕል እየተረጐመ አቀረበ። ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ እንዲሉ፣ የአገሩን ታሪክ በአገሩ መጽሐፍ አስረዳ። መጽሐፉን በፖርቱጋልኛ ጽፎ በ1622 ጨረሰ፤ ወዲያውም በግንቦት ወር ጎርጎራ ላይ በንዳድ ሞተ። የመጽሐፉ ሙሉ ቃል የታተመው ግን በ1905 እና በ1906 ሮማ ላይ ነው። ስለዚህ ኡሬታ ሲነበብ ፓኤዝ ወደ ሦስት መቶ ዓመት በሣጥን ተቀመጠ።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር መደበቅ አይገባንም። ፓኤዝ ቋንቋችንን የተማረው ለፍቅሩ ብቻ አይደለም፤ ሃይማኖታችንን ሊለውጥ ነበር። አስተዋይ ስለ ነበረ ዐፄ ዘድንግል በችኰላ አዋጅ እንዳያወጡ መክሯቸው ነበር። ንጉሡ አልሰሙትም፤ በዚያው በ1604 በጦርነት ሞቱ። ዐፄ ሱስንዮስም በ1622 የካቶሊክን ሃይማኖት በግልጥ ተቀበሉ። በ1625 የመጣው ጳጳስ አፎንሶ ሜንዴዝ ግን ትዕግሥት አልነበረውም። ካህናቱ እንደ ገና ክህነት እንዲቀበሉ፣ ሕዝቡም እንደ ገና እንዲጠመቅ አዘዘ። አገሩ በእርስ በርስ ጦርነት ተቃጠለ፤ ብዙ ገበሬ አለቀ፤ በ1632 ንጉሡ የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲል ተዉ። ሜንዴዝ የገባበትን በር በጣፋጭ አንደበት የከፈተው ፓኤዝ እንደ ነበረ መካድ አይቻልም።

እንግዲህ ቋንቋ ሁለት አገልግሎት አለው፤ አንዱ ለመስማት ነው፣ ሁለተኛው ለመሰማት ነው። ፓኤዝ ሁለቱንም ሠራበት። ሊሰማ ብሎ የደከመበት በደም ተዘጋ። ሰምቶ የጻፈው ግን ዛሬም ስለ ራሳችን ታሪክ ልናነበው የሚገባ መጽሐፍ ሆኖ ቀርቷል።

ከመካከላችን ዛሬ ቻይና ሄደው ቻይንኛ የሚማሩ አሉ። ሌሎቻችን ደግሞ ከአገራችን ሳንወጣ፣ ቋንቋውን ወደማናውቀው ወረዳ ለሥራ እንመደባለን። ከመንገዱ በፊት አንድ ጥያቄ ለራሳችን ብናቀርብ መልካም ይመስለናል፤ የዚያን አገር ቋንቋ የምንማረው ለማዘዝ ነው ወይስ ለመጠየቅ? ግሽ ዓባይ ላይ ጦሩን በውሃው ውስጥ ሰድዶ ጥልቀቱን የለካው ሰው፣ ቢያንስ በዚያች ቀን፣ ጠያቂ ነበር።