የዕዳውን ወረቀት የመለሱት ሶሐባ

ረመዷን ሲገባ የቤት ወጪ ይጨምራል። ቴምሩ፣ ስኳሩ፣ ዘይቱ፣ የሳምቡሳው ዱቄት ሁሉ ገንዘብ ይፈልጋል። ቡና አብቃይ በሆኑት በመቻራና በአካባቢዋ ደግሞ ብዙ ቤተሰብ እጁ ላይ ብር የሚገባው ቡናው ሲሸጥ ነው። እስከዚያ ከዘመድ ይበደራል፣ ከሱቅ በዱቤ ይወስዳል። የሚያስጨንቀን የአምናውን ያልከፈለ ወንድም ዘንድሮም አበድሩኝ ሲል ነው። ብንሰጠው ዕዳው ይደራረባል፤ ብንከለክለው ዝምድናው ይሻክራል። በዚህ ጉዳይ ከቀይስ ኢብን ሰዕድ (ረ.ዐ) ሕይወት የምንማረው አለ።

ቀይስ የመዲና ሰው ናቸው። አባታቸው ሰዕድ ኢብን ዑባዳ የኸዝረጅ ጎሣ መሪ፣ በለጋስነታቸውም የታወቁ አንሷሪ ነበሩ። ልጃቸውን ነብዩ ሙሐመድን (ሰ.ዐ.ወ) እንዲያገለግሉ ሰጧቸው። ቀይስ ኋላ በ36ኛው ዓመተ ሒጅራ በኸሊፋው ዐሊ ተሹመው ግብፅን አስተዳድረዋል።

ዱቤን ራሳቸውም ቀምሰውታል። በ8ኛው ዓመተ ሒጅራ በአቡ ዑበይዳ የተመራ 300 ሰው ያለበት ጦር ወደ ባሕሩ ጠረፍ ዘምቶ ስንቅ አለቀበት፤ ሰዉ ቅጠል እስከ መብላት ደረሰ። ቀይስ መዲና ሲመለሱ በቴምር ሊከፍሉ ተስማምተው ግመሎች በዱቤ ገዙና ለጓዶቻቸው አረዱ። ዑመር ኢብኑል ኸጣብ ግን ሀብቱ የአባትየው እንጂ የልጁ አይደለም ሲሉ ተቃወሙ። ሰዕድ ይህን በሰሙ ጊዜ ለልጃቸው አራት የቴምር እርሻ ሰጡ ይባላል።

ዕድሜያቸው ከገፋ በኋላ ቀይስ አንድ ንብረታቸውን ለሙዓዊያ በ90 ሺህ ሸጡ። ወዲያው ብድር የሚፈልግ ሁሉ እንዲመጣ በመዲና አስነገሩ። 40 ሺህ ያህሉን አበደሩ፤ የቀረውን በስጦታ አከፋፈሉ። ያበደሩትንም በየሰዉ ስም አስጻፉ።

ከዚያ ታመሙ። ያ ሁሉ ወዳጅ እያለ ጠያቂ ጠፋ። ነገሩ ቢገርማቸው ባለቤታቸውን፣ የአቡበክርን እኅት ቁረይባን ጠየቋቸው። ሰዎቹ የቀሩት ዕዳው አሳፍሯቸው እንደሆነ ነገሯቸው። ቀይስ ለየተበዳሪው የዕዳውን ወረቀት መልሰው ላኩለት። በሌላ ዘገባ ደግሞ ዕዳው መማሩን በአዋጅ አስነገሩ፤ እስኪመሽ ከጠያቂው ብዛት የቤታቸው ደረጃ ተሰበረ። ቀይስ ያረፉት በሙዓዊያ ዘመን ማብቂያ ገደማ እዚያው መዲና ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ቀይስ ገና ሲሰጡ ብድሩንና ስጦታውን ለይተዋል፤ ብድሩንም ጽፈዋል። እኛን ብዙ ጊዜ የሚያቀያይመን ሁለቱን መቀላቀላችን ነው፤ በአፋችን ብድር እንላለን፣ በልባችን ግን እንደማይመለስ እናውቃለን። ስለዚህ ዕዳ ያለበት ዘመድ ዳግም ሲመጣ፣ ቢቀርብን የማይጎዳንን ያህል ስጦታ ነው ብለን እንስጠው። የሚከፈል ብድር ከሆነም ቀኑ ተቆርጦ ይጻፍ።

የቀድሞው ዕዳስ? ሁላችንም የቀይስ አቅም የለንም፤ ባለሱቁም የሚከፍለው አለበት። ቁርአን በሱረቱል በቀራህ 280 የተቸገረ ተበዳሪ እስኪያገኝ እንዲጠበቅ ያዛል፤ ምሕረት ማድረጉ ደግሞ የተሻለ ሰደቃ መሆኑን ያስተምራል። ያቃተን መማር ከሆነ፣ እንደምንጠብቀው ቢያንስ እንንገረው። በዕዳ አፍሮ ደጃችንን መርገጥ የተወ ዘመድ ካለን፣ ዒድ ሳይደርስ ቀድመን ለኢፍጧር እንጥራው። አላህ ይወፍቀን።