ቪው ሳይቆጠር የተዘፈነ፦ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ማን ነበሩ?

እንጅባራ ወይ ዳንግላ ካፌ ቁጭ ብላችሁ ስለ ዘፈን ስትከራከሩ ነገሩ እንዴት እንደሚያልቅ ታውቁታላችሁ። አንዱ ስልኩን ያወጣና ዩቲዩብ ይከፍታል፣ ከዘፈኑ ሥር ያለውን ቁጥር ያሳያል። ይሄን ያህል ሚሊዮን ሰው አይቶታል፣ ያንተኛውስ? ክርክሩ በቃ ተዘጋ።

ዛሬ የምናነሳቸው ሰው በዚህ ሚዛን ቢቀመጡ ምንም አያነሱም ነበር። ሆኖም ድምፃቸው በሸክላ ከተቀዳ ኢትዮጵያውያን ድምፃውያን የመጀመሪያው እሳቸው ናቸው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ።

የተወለዱት በ1869 ዓ.ም. ገደማ ሸዋ፣ ምንጃር ውስጥ ነው። ያደጉት ጨዋታ አዋቂ ሰው በሚፈለግበት ዘመን ነው። ያኔ ጨዋታ ማወቅ ማለት እንግዳው ገና ሲቀመጥ ስሙን፣ ሥራውንና ነገረ ሥራውን በግጥም ማስገባት ነው። ሰሙ ምስጋና መስሎ ወርቁ ስድብ ሊሆን ይችላል። የተሰደበው ሰውዬ እየሳቀ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ማታ አልጋው ላይ ሆኖ ነው የሚገባው። ተሰማ በዚህ ችሎታ ስማቸው ወጣ፣ እስከ ምኒልክ ቤተ መንግሥትም ደረሱ።

እ.ኤ.አ. በ1908 ዳግማዊ ምኒልክ ወደ ጀርመን ላኳቸው። ግን ለዘፈን እንዳይመስላችሁ። የተላኩት የመኪና ነገር እንዲማሩ ነው። መኪና አዲስ አበባ ገና እንደ ተአምር የሚታይበት ጊዜ ነበር። እዚያው ጀርመን ሳሉ ነው እንግዲህ ዘፈናቸው ሸክላ ላይ የተቀዳው፤ ከ10 በላይ ሸክላ። ተመልሰው የንጉሡ ሾፌር ሆኑ። በአንድ ጉዞ ሁለት ታሪክ፤ መኪናውም ሸክላውም።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ምክንያቱም የእኛ የቪው ክርክር መልስ ያለው እዚህ ነው።

የዚያን ዘመን ሸክላ በአንድ ፊቱ ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ብቻ ነው የሚይዘው። የተሰማ ጨዋታ ግን በደቂቃ የሚለካ አልነበረም። ከተቀመጠው ሰው ጋር እየተመላለሰ፣ የአንዱን ፊት እያየ፣ የሌላውን ሳቅ እየሰማ የሚረዝም ነው። ጀርመን ስቱዲዮ ውስጥ ፊታቸው ላይ የተደቀነው ግን የድምፅ መቀበያ ቀንድ ነበር፤ አማርኛ የማይሰማ፣ የማይስቅ፣ የማይሸለም። ስለዚህ ለገበያ የወጣው የተሰማ ጨዋታ ሙሉው አይደለም፣ ቁራጩ ነው።

ገዢውስ ማነው? ሸክላ ለመስማት ግራሞፎን ያስፈልጋል። ግራሞፎን ያለው ቤተ መንግሥቱ፣ መኳንንቱ፣ ጥቂት የውጭ አገር ሰዎችና ሀብታም ነጋዴዎች ናቸው። የቡሬ ወይ የዳንግላ ገበሬ ተሰማን ቢወዳቸው እንኳ ሸክላቸውን ገዝቶ ምን ላይ ያጫውተዋል? እንግዲህ ያኔ የሽያጭ ቁጥር ቢሰበሰብ የሚነግረን አገሩ ውስጥ ስንት ግራሞፎን እንዳለ እንጂ ዘፈኑ ጥሩ ይሁን መጥፎ አይደለም። (የሚገርመው ደግሞ ነጋድራስ ማለት የነጋዴዎች አለቃ ማለት ነው! የገበያ አለቃው ሰው በገበያ የማይለካ ሆኖ ተገኘ።)

ከዚያ ሹመት መጣ። በልጅ ኢያሱ ዘመን ተሰማ ከወጣቱ አልጋ ወራሽ ጋር ቅርብ ነበሩ፤ የፖስታ፣ የቴሌግራፍና የቴሌፎን ሚኒስትር ሆኑ። መስከረም 1909 ዓ.ም. ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ እሳቸውም አብረው ወረዱ። ልጃቸው ይድነቃቸው ተሰማ በ1914 ዓ.ም. መግቢያ የተወለዱት ጅማ ነው፣ ከቤተ መንግሥቱ ርቀው። አዎ፣ ያው ይድነቃቸው፤ የቅዱስ ጊዮርጊሱ ተጫዋች፣ ኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት። አባታቸው እ.ኤ.አ. በ1964 ሲያርፉ ኢትዮጵያ በልጃቸው አሠልጣኝነት የአፍሪካን ዋንጫ ካነሳች 2 ዓመቷ ነበር።

ሹመቱ ሲሄድ ግጥሙ አልሄደም። የተሰማን ስንኞች ሸክላውን አይተው የማያውቁ ሰዎች እየተቀባበሉ አቆዩአቸው። ጠጅ ቤት፣ ሠርግ ቤት፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር። ይድነቃቸውም የአባታቸውን ግጥሞች ሰብስበው አስቀሩ፣ «ሰምና ወርቅ» በሚል ርዕስም በመጽሐፍ ታትመዋል። ድምፁ ራሱ ከተቀዳ 100 ዓመት ካለፈ በኋላ ደግሞ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ኢትዮፒክስ በተባለው የሲዲ ተከታታይ 27ኛ ቅጽ ላይ አወጣው።

አንዳንዶቻችሁ ታዲያ ይሄም ታዋቂነት አይደል እንዴ ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ሰው ሳይከፈለው፣ ማስታወቂያ ሳያይ፣ አፉ ላይ ይዞ የሚዞረው ነገር የሆነ ነገር አለው። ብዙ ሰው የወደደው ሁሉ ቀሽም ነው የሚለው ኩራትም አይዋጥልኝም። ተሰማ ራሳቸው እኮ የተወደዱ ሰው ነበሩ። እኔ የምጣላው ከመወደድ ጋር ሳይሆን ከቆጣሪው ጋር ነው።

የዛሬው ቆጣሪም ቢሆን ያው ግራሞፎን ነው። ዳታ ያለውን ይቆጥራል፣ ኔትወርክ ያለበትን ይቆጥራል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቋንቋውን የሚሰማውን ይቆጥራል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የአዊ ዞን ሕዝብ 1 ሚሊዮን አይሞላም ነበር፣ ሁሉም ደግሞ አውንጊ አፉን አልፈታበትም። በአውንጊ የሚዘፍን የእንጅባራ ልጅ ሰሚው በሙሉ ቢያዳምጠው እንኳ የአማርኛውን ሂት ቁጥር አይደርስበትም። ታዲያ ቁጥሩ ዝቅ ያለው ዘፈኑ ስለደከመ ነው? ልጁ ግን ያንን ቁጥር እያየ ቀጣዩን ዘፈን በሌላ ቋንቋ ይሠራዋል፣ ወይ ጭራሽ ይተወዋል። ይሄ ቀልድ አይደለም፣ በአንድ ትውልድ ሊያልቅ የሚችል ነገር ነው።

ጥር 23 እንጅባራ ላይ ፈረሰኛው ሲወጣ የሚዜመውንና የሚፎከረውንስ ማን ቆጥሮት ያውቃል? ሜዳው ግን ሞልቶ ነው የሚውለው።

ለማንኛውም ዛሬ ማታ ፓኬጅ ከተረፋችሁ የተሰማ እሸቴን ስም ፈልጉና አዳምጡ። መጀመሪያ የሸክላው መንኮሻኮሽ ሊያስቸግራችሁ ይችላል፣ ድምፁም ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። አትዝለሉት። ሁለተኛ ጊዜ ስትሰሙት ቃላቱ ይለያሉ። ያልገባችሁን አያቶቻችሁን ጠይቁ፣ ከሥሩ ያለውን ቁጥር ደግሞ ለዛሬ አትዩት።