ካርል ቴርዛጊ፥ ሸክላ አፈርና የዓምዶች ስብስብ

የአፈር ሜካኒክስን ራሱን የቻለ የምህንድስና ዘርፍ ያደረጉት ካርል ቴርዛጊ እ.ኤ.አ. በ1883 በፕራግ ተወለዱ (ቀጥሎ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በ1904 በግራዝ የተመረቁት ግን በመካኒካል ምህንድስና ነበር። ወደ አፈር የሳባቸው የግንባታ ሥራ ነው፤ ግድቡ በጥንቃቄ እየተሰላ፥ የሚሸከመው መሬት በግምት ሲታለፍ ተመለከቱ።

በ1916 ወደ ቁስጥንጥንያ ሄደው በመሐንዲሶች ትምህርት ቤት፥ ከጦርነቱም በኋላ በሮበርት ኮሌጅ አስተማሩ። መሣሪያቸውን በእጃቸው ከገባው ቁሳቁስ እያገጣጠሙ ሠሩት። ውሃ የጠገበ ሸክላ አፈር በቀለበት ውስጥ ሲጫን፥ ጭነቱን በመጀመሪያ የሚቀበለው በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ውሃ መሆኑን፥ ውሃው ቀስ በቀስ ሲወጣም ጭነቱ ወደ ቅንጣቶቹ ተላልፎ አፈሩ እንደሚጠቀጠቅ ተገነዘቡ፤ በ1923ም በቀመር ገለጹት። ለሥራ ሰው የቀመሩ ትርጉም ከባድ ነው። ጊዜው በውፍረቱ ካሬ ስለሚያድግ፥ በ2 ሳንቲ ሜትር ናሙና በ10 ደቂቃ የሚፈጸመው መጠቅጠቅ፥ የውሃው መውጫ ተመሳሳይ በሆነ የ10 ሜትር ንጣፍ ወደ 5 ዓመት ይፈጃል።

ከዚያም በአሜሪካና በቪየና አስተማሩ፤ ከ1938 ጀምሮ መኖሪያቸው አሜሪካ ሆነ። በየሥራው አጥብቀው የተቃወሙት አንድ ልማድ ነበር፦ አንድ ፓይል ለጥቂት ቀናት ተጭኖ ከጸና፥ መቶውም ይጸናል ማለት። የአንዱ ፓይል ጭነት የሚያስጨንቀው በአጠገቡ ያለውን ጥቂት አፈር ነው፤ የብዙዎቹ ጭነት ግን ተደራርቦ ከጫፎቻቸው በታች ወደ ጥልቁ ሸክላ ይወርዳል፤ መስመጡም ከፈተናው በኋላ ለዓመታት ይቀጥላል። ከራልፍ ፔክ ጋር በ1948 ባሳተሙት መጽሐፍ፥ ስብስቡ በመካከሉ ካለው አፈር ጋር እንደ አንድ ግዙፍ አካል ሊወርድ እንደሚችል አስረዱ፤ መስመጡም ሲሰላ ጭነቱ ከፓይሎቹ ርዝመት በሁለት ሦስተኛው ጥልቀት ላይ እንዳረፈ እንዲቆጠር መከሩ።

ዛሬ በለስላሳ ሸክላ ውስጥ የሚሠሩት የድንጋይ ዓምዶች ከፓይል ይለያሉ። ዓምዱ ሲጫን ወደ ጎን ያብጣል፤ የሚያቆመውም በዙሪያው ያለው ሸክላ ነው። ውሃ ስለሚያሳልፍ መጠቅጠቁን ያፋጥናል። በስብስቡ መካከል ያለው ዓምድ በጎረቤቶቹ ይደገፋል፤ ዳር ላይ ያለው ግን በውጭ በኩል ይህ ድጋፍ የለውም። ዓምዶቹ ጽኑ ንጣፍ ላይ ካልደረሱ ከሥራቸው የሚቀረው ሸክላ ይሰምጣል፤ ይህንንም የአንድ ዓምድ ፈተና አያሳይም።

ቴርዛጊ በ1963 አረፉ። በመጨረሻ ዘመናቸው ካማከሯቸው ሥራዎች አንዱ፥ በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በእጅግ ተጠቅጣቂ ሸክላ ላይ የተሠራው የሚሽን ግድብ ነበር፤ በ1965 በስማቸው ተሰየመ።