ኮሎኔል ፖፕና የኤሌክትሪክ መኪናው

የኤሌክትሪክ መኪና የትናንት ፈጠራ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። በአሜሪካን አገር፣ ሃርትፎርድ በምትባል ከተማ፣ በ1897 እንዲህ ያለ መኪና በፋብሪካ ተሠርቶ ይሸጥ ነበር (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የፋብሪካው ጌታ አልበርት ፖፕ ይባላል።

ፖፕ በ1843 ቦስተን አጠገብ ሳይሆን እዚያው ቦስተን ተወለደ። የአባቱ ንግድ ስለከሰረ በልጅነቱ እርሻ ላይ እየዋለ፣ አትክልትና ፍራፍሬ እየሸጠ አደገ። በ1862 በእርስ በርሱ ጦርነት ዘመተ፤ ከዚያ ያገኘው የክብር ማዕረግ ስለነበረ ሰው ሁሉ እስኪሞት ድረስ ኮሎኔል ይለው ነበር። ከጦርነቱ በኋላ የጫማ መሥሪያ ዕቃ ነግዶ እጁ ገንዘብ ሲገባ፣ ለራሱ ያልደረሰውን ትምህርት ለእኅቶቹ ከፈለ። መንትዮቹ ኤሚሊና ኦገስታ ሐኪሞች ሆኑ። መቼም ለእኛ ለዕጩ መምህራን ይህ ከመኪናው ያነሰ ወሬ አይደለም።

በ1876 ፊላደልፊያ በተደረገው ትልቅ ኤግዚቢሽን ላይ ከእንግሊዝ አገር የመጣ ብስክሌት አየና ልቡ እዚያ ቀረ። የፊት ጎማው ሰው ደረት የሚደርስ ነው። በ1878 ሃርትፎርድ ወደሚገኝ የልብስ ስፌት መኪና ፋብሪካ ሄዶ 50 ብስክሌት አሠራ። ቆይቶ ፋብሪካውን ራሱን ገዛው።

ብስክሌት ግን መንገድ ይፈልጋል። የዚያን ጊዜ የአሜሪካ ገጠር መንገድ በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ ነበር። ፖፕ ገንዘቡን አውጥቶ የመንገድ ሥራ ትምህርት በኮሌጅ እንዲሰጥ አደረገ፤ 150,000 ያህል ሰው የፈረመበትንም አቤቱታ አሰባስቦ በ1893 ለምክር ቤቱ አቀረበ። በዚያው ዓመት በእርሻ ሚኒስቴር ውስጥ የመንገድ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ።

በ1895 ሂራም ፐርሲ ማክሲም የተባለ ወጣት መሐንዲስ ቀጠረ። ወጣቱ ልቡ ቤንዚን ላይ ነበር። ፖፕ ግን፣ ከሥሩ የሚፈነዳ ነገር ላይ ማን ይቀመጣል ባይ ነበር ይባላል። እውነትም የዚያ ዘመን የቤንዚን መኪና ይጮኻል፣ ይሸታል፣ ለማስነሳት በእጅ መዘወር አለበት። የፖፕ ኮሎምቢያ መኪና ግን ድምፅ የላትም። ችግሯ ባትሪው ነው፤ እርሳስ ስለሆነ የመኪናዋን ግማሽ ያህል ክብደት ይይዛል፣ አንድ ጊዜ ተሞልቶም የሚያስኬደው 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ለከተማ ይበቃል፤ ከከተማ ከተማ ግን አያደርስም። እስከ 1899 ድረስ 500 ያህል ተሠሩ።

በዚያ ዓመት የመኪናው ክፍል ከኤሌክትሪክ ታክሲ ኩባንያ ጋር ተቀላቀለና ከፖፕ እጅ ወጣ። ያ ኩባንያ በ1907 ከሰረ። ፖፕ በ1903 ወደ መኪና ሥራ ተመልሶ ኢንዲያናፖሊስ ላይ ዌቨርሊ የሚባል የኤሌክትሪክ መኪና ቢያሠራም የእሱም ድርጅት በዚያው በ1907 በዕዳ ተያዘ።

እኔ እንደማየው ሰውየውን የጎዳው የገዛ ልፋቱ ጭምር ነው። መንገዱ ሲሻሻል ሰው ራቅ አድርጎ መሄድ አማረው፤ ራቅ አድርጎ የሚያስኬደው ደግሞ ቤንዚን ነበር። የፎርድ ሞዴል ቲ በ1908 ወጣች። ፖፕ በነሐሴ 1909 ሞተ። ያ አቤቱታ በትልቅ የእንጨት መዘውር ላይ እንደተጠቀለለ ዛሬም ዋሽንግተን፣ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ውስጥ ይገኛል።