እንዶድና ዶ/ር አክሊሉ ለማ

ሲቀላ ገበያ ገብቶ ኮሰረት ወይም በሶብላ ያላሸተተ የዲፓርትመንታችን ተማሪ ያለ አይመስለኝም። ሽታው የሚመጣው ከቅጠሉ ዘይት ነው፤ ዘይቱ ውስጥ ያሉት ተርፒን የሚባሉ ውህዶች ቶሎ ይተናሉ። እኔ የምጽፈው ግን ስለማይተን ዘመዳቸው ነው። የእንዶድ ፍሬ ውስጥ ያለው ሳፖኒን ከዚሁ ቤተሰብ ነው፤ ሞለኪውሉ ትልቅ ነው፣ ከስኳር ጋርም ስለተያያዘ ውሃ ሲነካው አረፋ ይሆናል። እናቶቻችን ልብስ ያጠቡበት በዚህ ምክንያት ነው።

ዶ/ር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1935 ጅጅጋ ተወለዱ። አሜሪካ ተምረው ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን አገኙ። በ1964 አድዋ ላይ ቢልሃርዚያን የሚያዛምቱትን ቀንድ አውጣዎች ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አዩ። ሰውዬውን የወደድኳቸው እዚህ ጋ ነው። ላቦራቶሪ እስኪደርሱ አልጠበቁም፤ በሕይወት ያሉትን ዕቃ ውስጥ ጨምረው አንዷን ሴት አረፋውን እንድታፈስበት ጠየቁ። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። መምህሮቻችን ቦታው ድረስ ሂዱ፣ ሰው ጠይቁ የሚሉን ይሄንን መሰለኝ።

አዲስ አበባ ተመልሰው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ፤ ኋላ በስማቸው ተሰየመ። አሜሪካ ውስጥ ተነጥሎ የወጣው ገዳይ ውህድም ከስማቸው ተወስዶ ለማቶክሲን ተባለ። ዶ/ር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ ከየአገሩ ዝርያ ሰብስበው 44 ቁጥር የተባለውን መረጡ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ያናድዳል። ኢትዮጵያ ውስጥ የተሠራው ምርመራ አይበቃም፣ የመርዛማነቱ ጥናት በውጭ ላቦራቶሪ ይደገም ተባለ፤ ከሃያ ዓመት በላይ ፈጀ። ጥንቃቄው ከንቱ ነው አልልም፤ እንዶድ ዓሣም ይገድላል፣ ጫሞ ላይ አሥጋሪው ቆሞ እያየ ዝም ብሎ የሚረጭ ነገር አይደለም። ግን ውሃ ውስጥ በጥቂት ቀን ይበሰብሳል፣ ከፋብሪካው መድኃኒት ይልቅ ለድሃ ይቀርባል። ገንዘብ ያጣውም ያን ያህል ዘመን ነው። ሁለቱ ሳይንቲስቶች በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተካፈሉ።

በ1990ዎቹ እንዶድ በአሜሪካ ሐይቆች ቧንቧ የሚደፍነውን ዛጎል ለበስ እንስሳ እንደሚገድልም ታወቀ። የፈጠራ መብቱን የወሰደው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዶ/ር አክሊሉ በ1997 አረፉ። የአድዋዎቹን አጣቢዎች ስም ባነበብኩት ሁሉ ፈልጌ አላገኘሁም።