ቢያትሪስ ሺሊንግ

ቢያትሪስ ሺሊንግ (እ.ኤ.አ. ማርች 8 ቀን 1909 – ኖቬምበር 18 ቀን 1990) እንግሊዛዊት የአውሮፕላን ሞተር መሐንዲስና የሞተር ብስክሌት ተወዳዳሪ ነበረች። በይበልጥ የምትታወቀው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የብሪታንያ ተዋጊ አውሮፕላኖችን ሞተር በውጊያ መሐል ያጠፋ የነበረውን የቤንዚንና የአየር ድብልቅ መዛባት በአንዲት ትንሽ የናስ ቁራጭ በማቃለሏ ነው።

የልጅነት ሕይወትና ትምህርት

ሺሊንግ የተወለደችው በደቡብ እንግሊዝ፣ ሃምፕሻየር ውስጥ ዋተርሉቪል በተባለ ቦታ ነው። አባቷ ሥጋ ሻጭ ነበር። በ14 ዓመቷ ሞተር ብስክሌት ገዛች። ትምህርት ቤት እንደጨረሰች ማርጋሬት ፓርትሪጅ በተባለች ሴት መሐንዲስ ድርጅት ውስጥ በኤሌክትሪክ መስመር ዝርጋታ ሠራች። ፓርትሪጅም ዩኒቨርሲቲ እንድትገባ አበረታታቻት። ምሕንድስና የሚማሩ ሴቶች እጅግ ጥቂት በነበሩበት በዚያ ዘመን፣ በ1932 እ.ኤ.አ. ከማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ በኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተመረቀች፤ ቀጥላም በሜካኒካል ምሕንድስና ሁለተኛ ዲግሪዋን ያዘች።

በ1934 እ.ኤ.አ. በብሩክላንድስ የውድድር ሜዳ በኖርተን ሞተር ብስክሌት በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ በመንዳት የሜዳውን የወርቅ ኮከብ ተሸለመች። በ1936 እ.ኤ.አ. ፋርንቦሮ በሚገኘው የንጉሣዊ አውሮፕላን ምርምር ተቋም ተቀጠረች። በ1938 እ.ኤ.አ. የሥራ ባልደረባዋን ጆርጅ ኔይለርን አገባች።

የመርሊን ሞተር ችግር

1 ኪሎ ግራም ቤንዚን ሙሉ በሙሉ ለመቃጠል ወደ 14.7 ኪሎ ግራም አየር ይፈልጋል። ቤንዚኑ ከመጠን በላይ ካነሰ ወይም ከበዛ ድብልቁ እሳት አይይዝም፤ ሞተሩም ይጠፋል።

ስፒትፋየርና ሃሪኬን የተባሉት ተዋጊ አውሮፕላኖች የሚበሩት በሮልስ ሮይስ መርሊን ሞተር ነበር። በሞተሩ ካርቡራተር ቋት ውስጥ ያለው ቤንዚን መጠኑ የሚጠበቀው፣ በውኃ ታንከር ውስጥ እንዳለው ዓይነት፣ መግቢያውን በሚከፍትና በሚዘጋ ተንሳፋፊ ነበር። አብራሪው አፍንጫውን በድንገት ወደ ታች ሲደፋ ቤንዚኑ ወደ ቋቱ ጣሪያ ይወረወራል። በዚህ ጊዜ ሞተሩ በመጀመሪያ ቤንዚን አጥቶ ለቅጽበት ይቋረጣል። ቀጥሎ ተንሳፋፊው ወደ ታች ስለሚወርድ መግቢያው ወለል ብሎ ይከፈታል፤ ፓምፑም ቤንዚን ያለ ልክ ይለቅበታል። ሞተሩ በቤንዚን ታፍኖ ጥቁር ጭስ ይተፋል፤ ጉልበቱም ይጠፋል።

የጀርመኑ ሜሰርሽሚት 109 ግን ቤንዚኑን በቀጥታ ወደ ሲሊንደር የሚረጭ ሞተር ስለነበረው እንዲህ ያለ ችግር አልነበረበትም። የጀርመን አብራሪዎች ሲባረሩ ቁልቁል በመወርወር ያመልጡ ነበር። ብሪታንያውያኑ ግን ለመከተል በመጀመሪያ አውሮፕላኑን መገልበጥ ነበረባቸው። በአየር ላይ ውጊያ ይህ ጥቂት ሰከንድ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነበር።

የሺሊንግ መፍትሔ

ሺሊንግ የፓምፑን የቤንዚን መንገድ የሚያጠብ፣ መሐሉ ላይ ቀዳዳ ያለው የናስ ቁራጭ ነደፈች። የቀዳዳው ስፋት የተለካው ሞተሩ በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ የሚፈልገውን ቤንዚን ብቻ እንዲያሳልፍ ነው። ስለዚህ መግቢያው ሙሉ በሙሉ ቢከፈትም ሞተሩ አይታፈንም። የመጀመሪያው ቅጽበታዊ መቋረጥ ግን አልተወገደም።

የቁራጩ ትልቁ ጥቅም አውሮፕላኖቹ ከአገልግሎት ሳይወጡ ሊገጠም መቻሉ ነበር። በ1941 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ሺሊንግ ከጥቂት ረዳቶች ጋር በየአየር ማረፊያው እየዞረች አስገጠመችው። አብራሪዎቹም በእርሷ ስም ይጠሩት ጀመር። በ1943 እ.ኤ.አ. ተንሳፋፊ የሌለው ባለ ግፊት ካርቡራተር እስኪመጣ ድረስ አገልግሏል።

በኋለኛው ዘመን

ከጦርነቱ በኋላ በሮኬት ነዳጅ አቅርቦትና አውሮፕላኖች በእርጥብ ማኮብኮቢያ ላይ በሚያደርጉት የፍሬን አያያዝ ላይ ምርምር አካሂዳለች። ከባሏ ጋር በመኪና ውድድርም ትሳተፍ ነበር። በ1969 እ.ኤ.አ. ጡረታ ወጣች፤ በ1990 እ.ኤ.አ. በ81 ዓመቷ አረፈች።