የጃማይካን የገና ጭፈራ በድንጋይ ላይ ያኖረው ሰዓሊ

በጃማይካ በገና ሰሞን ጭንብል ያጠለቁ ወንዶች ከበሮ አስከትለው በየጎዳናው የሚያሳዩት ጭፈራ ጆንካኑ ይባላል። መነሻው የባርነት ዘመን ነው። በሸንኮራ አገዳ እርሻዎች ዓመቱን ሙሉ ሲለፉ የሚኖሩት አፍሪካውያን እፎይ የሚሉት በእነዚያ ጥቂት የበዓል ቀናት ነበርና። የያኔው ጭፈራ ምን ይመስል እንደነበር ዛሬ በዓይን ለማየት የተቻለው በአመዛኙ በአይዛክ ሜንዴስ ቤሊሳሪዮ ሥራ ነው።

ቤሊሳሪዮ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ በኪንግስተን ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። የእናቱ አባት አሌክሳንደር ሊንዶ ባሪያ በመነገድ ከበለጸጉት የከተማዋ ነጋዴዎች አንዱ ነበር። ቤሊሳሪዮ በልጅነቱ ወደ ለንደን ተወስዶ በመልክዓ ምድር ሰዓሊው በሮበርት ሂልስ ዘንድ ተማረ። ወደ ትውልድ ደሴቱ የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ1834 ነው። ያ ዓመት በብሪታኒያ ግዛቶች ባርነት በሕግ የቀረበት ቢሆንም፣ ነጻ ወጡ የተባሉት ሰዎች እስከ 1838 ድረስ በተለማማጅነት ስም አብዛኛውን የሥራ ሰዓታቸውን ያለ ክፍያ ለቀድሞ ጌቶቻቸው ይሠሩ ነበር።

በመጀመሪያ የባለርስቶችን እርሻና መኖሪያ ይሥል ነበር። ስሙን ያስጠራው ግን በ1837 እና በ1838 በኪንግስተን ያወጣው የኅትመት ሥዕሎች ስብስብ ነው። ሥዕሎቹን ራሱ በድንጋይ ላይ እየነደፈ፣ በፈረንሳዊው አታሚ በአዶልፍ ዱፐርሊ እያሳተመ፣ በእጅ እየተቀቡ ለደንበኞች አቀረባቸው። ለእያንዳንዱም ማብራሪያ ጻፈለት። ካሰበው ሳይደርስ በ3 ክፍሎችና በ12 ሥዕሎች ተቋረጠ።

ከሥዕሎቹ አንዱ ነጭ ጭንብል ያጠለቀ፣ በራሱ ላይ ፎቅ ቤት የሚመስል ቅርጽ የተሸከመ ጨፋሪ ያሳያል። ሌላው ላባ የደፋ፣ ማራገቢያ የያዘ ባለትርዒት ነው። እንዲህ ያሉት ወጣቶች ከሼክስፒር ድርሰቶች የተወሰዱ ክፍሎችን እየተወኑ፣ በአለባበስም ይወዳደሩ ነበር። አጃቢዎቻቸው ከሚጫወቷቸው መሣሪያዎች መካከል ጥርሱ ያልወለቀ የፈረስ መንጋጋ ይገኛል፤ በእንጨት ሲፋቅ ይንኳኳል። ከጨፋሪዎቹ ጎን ወተት ሻጯና የውኃ ማሰሮ ሻጮቹ ተሥለዋል። ለገጠር ሰው ምናልባት ከሁሉ የሚቀርቡት እነዚህ ናቸው።

ሥራው ያለ ጥያቄ አይታለፍም። ሥዕሎቹን የገዙት በአብዛኛው ባለሀብቶች ነበሩ፤ ሠዓሊውም የባሪያ ነጋዴ የልጅ ልጅ ነው። በሌላ በኩል ወገኖቹ አይሁዶች በደሴቲቱ ሙሉ የፖለቲካ መብት ያገኙት እርሱ ከመመለሱ ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ ብቻ ነበር። ያም ሆነ ይህ፣ ብዙዎች ጥቁሮችን ለመሳለቂያ በሚሥሉበት ዘመን እርሱ የእያንዳንዱን ሰው ቁመናና ልብስ በጥንቃቄ አኑሯል።

በ1841 የኪንግስተን ባለሥልጣናት የጆንካኑን ሰልፍ በመከልከላቸው ሁከት ተነሣ። ቤሊሳሪዮ በ1849 ለንደን ውስጥ አረፈ። ዛሬ የጃማይካ ቴአትር ሽልማት የሚጠራው በዚያው በባለላባው ባለትርዒት ስም፣ አክተር ቦይ ተብሎ ነው።